ከባንክ ኮድ ወደ ሆስፒታል ኮድ መሻገር ይቻላል?

ጥያቄው ባጭሩ ይኸው፦ «ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ ላለፉት አምስት ዓመታት ለባንክና ለክፍያ ድርጅቶች ባክኤንድ (ተጠቃሚው የማያየውን የሲስተሙን ውስጣዊ ክፍል) ስሠራ ቆየሁ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ሥራው ሰልችቶኛል። ለሕክምና ወይም ለሳይንስ የሚጠቅም ሶፍትዌር መሥራት እፈልጋለሁ። ሒሳቤ ዝጓል፣ ባዮሎጂ ከተማርኩም ዘመን የለውም። ማስተርስ ልግባ? የትኛውን ቋንቋ ልማር? ደግሞስ እንዲህ ዓይነት ሥራ በእውነት አለ ወይ?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ሥራው አለ። ማስተርሱ በምትመርጪው አቅጣጫ ይወሰናል። ስለ ቋንቋው ብዙ አትጨነቂ፤ ሒሳቡም እንደፈራሽው አያስፈራም። እኔ ረጅም ጊዜ የሠራሁት በሕክምና ምስልና በጨረር ሕክምና ሶፍትዌር ላይ ነው። ጎበዝ ፕሮግራመሮች ከሌላ ዘርፍ ሲመጡ የሚደናቀፉት በሒሳብም በቋንቋም አይደለም። የሚደናቀፉበትን ነገር አስቀድሜ ላስረዳሽ፤ ለሌሎቹ ጥያቄዎችሽ የምሰጠው መልስ ሁሉ ከሱ ጋር የተያያዘ ነው።

ባንክ ውስጥ ስህተት ይጮኻል። ሲስተም ይቆማል፣ የቀኑ ሒሳብ አልዘጋ ይላል፣ ደንበኛ ደውሎ ይቆጣል። እዚህ ግን ክፉው ስህተት ድምፅ የለውም። ፕሮግራሙ በሰላም ይሠራል፣ ቁጥር ያወጣል፣ ቁጥሩም እውነት ይመስላል።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። የልብ ምት ቀረጻ ፋይል ደረሰሽ እንበል። ማሽኑ የለካው በሴኮንድ 360 ጊዜ ነው። አንቺ ደግሞ፣ ከዚህ በፊት ያየሻቸው ፋይሎች እንደዚያ ስለነበሩ፣ 250 ነው ብለሽ አነበብሽው። ልቡ በደቂቃ 72 ጊዜ የሚመታው ሰው በኮድሽ 50 ሆኖ ይወጣል። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። 50 ደግሞ የሰው ልብ ሊመታው የሚችል ቁጥር ነው። ሯጭ ከሆነ ጤነኛ ይባላል፣ ሽማግሌ ከሆነ ሐኪሙ ይጨነቃል። 7,000 ቢወጣ ኖሮ ጥበቃውም ስህተት መሆኑን ያውቅ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ በይ። ትልቅ ስህተት ራሱን ያጋልጣል። የደም ስኳር አሜሪካ ውስጥ በሚሊግራም በዴሲሊትር ይጻፋል፣ ብዙ የአውሮፓ አገሮች ደግሞ በሚሊሞል በሊትር ይጽፉታል፤ ልዩነቱ 18 እጥፍ ነው። 99 መሆን የነበረበት 5.5 ሆኖ ሲመጣ ነርሷ ወዲያው ታየዋለች። የሕፃን ክብደት ግን እንደዚያ አይደለም። በፓውንድ 22 የሆነው ሕፃን በኪሎ 10 ነው። 22 ኪሎ ተብሎ ከተመዘገበ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አያጠራጥርም፤ 22 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ሞልቷል። መድኃኒቱ በኪሎ ስለሚሰላ ግን ሕፃኑ ከእጥፍ በላይ ይታዘዝለታል። ስህተቱ እያነሰ በሄደ ቁጥር ዕድሜው ይረዝማል።

ሌላውን ከራሴ ሠፈር ላምጣ። የሲቲ ስካን ምስል ዳይኮም በሚባለው የፋይል ዓይነት ይቀመጣል። ፋይሉ ውስጥ ያሉት ጥሬ ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ አይደሉም። በአንድ ቁጥር ተባዝተው፣ ሌላ ቁጥር ተደምሮባቸው ነው ሃውንስፊልድ ወደሚባለው መለኪያ የሚለወጡት። በዚህ መለኪያ ውሃ 0፣ አየር ከዜሮ በታች 1,000 ነው። ማባዣውም መደመሪያውም እዚያው ፋይሉ ውስጥ ተጽፈዋል። ሳትለውጪ ምስሉን ብቻ ስክሪን ላይ ብታወጪው ያው ደረት፣ ያው የጎድን አጥንት ይታይሻል። ጥሬ ቁጥሩን ለጨረር መጠን ስሌት ያዋልሽው ዕለት ነው ጉድ የሚፈላው።

የግራና የቀኝ ነገር ደግሞ አለ። ዳይኮም የመጀመሪያውን አቅጣጫ ወደ ታካሚው ግራ ይቆጥራል። የአንጎል ተመራማሪዎች የሚወዱት ኒፍቲ የተባለው የፋይል ዓይነት ወደ ቀኝ ይቆጥራል። አንጎል ግራና ቀኙ ስለሚመሳሰል ምስሉ ቢገለበጥ በዓይን አይለይም። ለዚህ ነው አንዳንድ ተመራማሪዎች ኤምአርአይ ሲያነሱ የቫይታሚን ኢ እንክብል በአንዱ ወገን፣ በቀኝ ግንባር ላይ የሚለጥፉት። እንክብሉ ምስሉ ላይ ደምቆ ይታያል። ከዚያ ወዲያ ኮዱ ምንም ቢል ቀኙ የቱ እንደሆነ ይታወቃል። ይህን ሥራ የምወደው እንዲህ ላሉ ነገሮች ነው፤ በሚሊዮን ዶላር የሚገዛ ማሽን የሚመረመረው ከፋርማሲ በተገዛ እንክብል ነው።

አሁን ደግሞ እኛን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ቁጥር፦ 1.159። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ኩላሊት ምን ያህል እንደሚያጣራ የሚገመተው ደም ውስጥ ካለው ክሬያቲኒን (ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ)፣ ከዕድሜና ከፆታ ተነስቶ ነው። በ2009 የወጣው ታዋቂ ቀመር ሌላም ነገር ጨምሮ ነበር። ታካሚው ጥቁር ከሆነ ውጤቱ በ1.159 ይባዛል። አሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ላቦራቶሪ ሲሄድ ይኸው ይደርስበት ነበር። በኮድ ቢጻፍ አንድ መስመር ነው፦ ጥቁር ከሆነ አባዛ። አሜሪካ ውስጥ ለኩላሊት ንቅለ ተከላ ወረፋ ለመቆጠር ውጤቱ 20 ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። ያለ ማባዣው 18 የሆነ ሰው፣ ከማባዣው ጋር 20.9 ይሆናል። ወረፋው አይጀምርለትም። በ2021 ዘርን ያወጣ አዲስ ቀመር ወጣ፤ ከ2023 ጀምሮም ጥቁር ተጠባባቂዎች ያጡት የወረፋ ጊዜ ተመልሶ እንዲታሰብላቸው የአሜሪካ ሆስፒታሎች ታዘዙ።

እዚህ ፕሮግራመሩ አልተሳሳተም። የተሰጠውን ቀመር በትክክል ነው የጻፈው። ቴስቱም ያልፋል። ሆኖም የገባበትን ጉዳይ የሚያነብ ፕሮግራመር ቢያንስ «ይህ ማባዣ ከየት መጣ? ቅልቅል የሆነ ሰውስ ምን ይደረግ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። በእኔ እምነት በዚህ ሙያ ጁኒየርን ከሲኒየር የሚለየው ይህን መጠየቅ መቻል ነው።

ስለ ቴራክ-25 ሰምተሽ ይሆናል። ካልሰማሽ ከማንኛውም ኮርስ በፊት ስለሱ አንብቢ። የካናዳ መንግሥት ኩባንያ የሠራው የጨረር ሕክምና ማሽን ነው። ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ስድስት ሰዎችን ከታሰበላቸው እጅግ በበለጠ ጨረር መታ፤ ሰዎች ሞቱ። ቴክሳስ ውስጥ ታይለር በምትባል ከተማ የሆነው እንዲህ ነው። ኦፕሬተሯ የጨረሩን ዓይነት በስህተት አስገባች፤ ከርሰሩን መልሳ ፈጥና አረመችው። ማሽኑ ማግኔቶቹን አስተካክሎ ለመጨረስ 8 ሴኮንድ ያህል ይፈልጋል። እርማቱ በዚያ መሀል ከገባ ስክሪኑ ላይ የታረመው ይታያል፤ ማሽኑ ግን አልሰማም። 180 ራድ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) የታዘዘለት ሰው ከ16,500 እስከ 25,000 ራድ እንደደረሰው ተገመተ። ስክሪኑ ያለው «ማልፈንክሽን 54» (ብልሽት 54) ብቻ ነው። ማሽኑ እንዲህ ያሉ መልእክቶችን በየጊዜው ያወጣ ስለነበር ኦፕሬተሮች «ቀጥል» የሚለውን ቁልፍ መጫን ለምደውታል።

ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ የደረሰው አደጋ ደግሞ ምክንያቱ ሌላ ባግ (የኮድ ስህተት) ነው። አንድ ባይት የሚይዝ ቆጣሪ ነበር። ዜሮ ካልሆነ ፍተሻ ይደረጋል፣ ዜሮ ከሆነ ፍተሻው ይዘለላል። ፕሮግራሙ ቆጣሪውን 1 አድርጎ እንደ ማስቀመጥ በየዙሩ አንድ ይጨምርበታል። አንድ ባይት 255 ላይ ስለሚሞላ በየ256ኛው ዙር ዜሮ ይሆናል። ልክ በዚያች ቅጽበት ቁልፉ ሲጫን ፍተሻው ቀረ።

እኔን ይበልጥ የሚያስደነግጠኝ ግን ይህኛው ነው። ከዚህ በፊት የነበረው ሞዴል፣ ቴራክ-20፣ የታይለሩን ባግ ይዞ ነበር። ማንም አላወቀም። ምክንያቱም ያ ማሽን በሽቦና በፊውዝ የተሠራ መከላከያ ስለነበረው ሶፍትዌሩ ሲሳሳት ፊውዝ ይቃጠላል፣ ሥራው ይቆማል። ለቴራክ-25 ያንን መከላከያ አንስተው ሥራውን ለሶፍትዌሩ ብቻ ሰጡት። «ይህ ኮድ ለዓመታት ሠርቷል» የሚለውን ክርክር ስትሰሚ ይህን አስታውሺ።

ከእንዲህ ዓይነት ታሪክ ነው ወረቀቱ የመጣው። የሕክምና መሣሪያ ኩባንያ ከገባሽ አይኢሲ 62304 የሚባል መመዘኛ በየቀኑ ታገኛለሽ። በ2006 የወጣ ነው። ሶፍትዌርን በሦስት ይከፍላል። ቢሳሳት ማንንም የማይጎዳው «ኤ»፣ ቀላል ጉዳት የሚያደርሰው «ቢ»፣ ሊገድል ወይም ክፉኛ ሊጎዳ የሚችለው «ሲ» ይባላል። ክፍሉ ከፍ ባለ ቁጥር ሰነዱ ይበዛል። እያንዳንዱ መስፈርት ከአንድ ቴስት ጋር፣ እያንዳንዱ አደጋ ከአንድ መከላከያ ጋር መያያዝ አለበት። ሦስት መስመር ኮድ ለውጠሽ ለሱ ስትጽፊ፣ ስታስፈርሚ፣ ስታስፈትሺ ሳምንት ሊያልቅ ይችላል። ብዙ ሰው የሚሸሸው በዚህ ምክንያት ነው። ከዌብ የመጡ ልጆች «ዓርብ ማታ ዲፕሎይ አድርገን (ለተጠቃሚ ለቀን) ሰኞ እናርመዋለን» የሚለውን ልማድ መተው ይከብዳቸዋል።

አንቺን ግን አይከብድሽም ብዬ እገምታለሁ። ባንክ ሜከር-ቼከር ታውቂያለሽ። አንዱ ያስገባውን ሌላው ሳያጸድቅ ገንዘብ አይንቀሳቀስም። ኦዲተር ከሦስት ዓመት በኋላ መጥቶ «ይህን ማን ለወጠው?» እንደሚል ታውቂያለሽ። ሁለት ሲስተም የያዙትን ቁጥር ማስታረቅ የዕለት እንጀራሽ ነው። የሥራ ማመልከቻሽ ላይ እነዚህን በትልቁ ጻፊ። ከሶሻል ሚዲያ ኩባንያ የመጣ ሰው ይህ የለውም።

ሒሳቡን በተመለከተ፣ ከሁሉ በፊት ከፍሎት፣ ማለትም ኮምፒውተር የነጥብ ቁጥሮችን በግምት ከሚይዝበት ዘዴ፣ ጋር ታረቂ። ባንክ ውስጥ ገንዘብን በፍሎት ማስቀመጥ ነውር ነው። እዚህ ሁሉም ነገር ፍሎት ነው። 0.1 ሲደመር 0.2 በኮምፒውተሩ 0.30000000000000004 ይሆናል፤ ሚሊዮን ቁጥሮችን ስትደምሪ የድምሩ ቅደም ተከተል ውጤቱን ይለውጣል። ስለዚህ ቴስትሽ «እኩል ነው ወይ?» አይልም፤ «ምን ያህል ቢለያዩ እቀበላለሁ?» ይላል። ያንን ገደብ ደግሞ አንቺ ብቻሽን አትወስኚም፣ የፊዚክስ ባለሙያውን ወይም ሐኪሙን ትጠይቂያለሽ። ከዚያ በላይ ማትሪክስ፣ መሠረታዊ ስታትስቲክስ፣ ለሲግናል ከሄድሽ ደግሞ ፉሪየር (ሞገድን ወደ ድግግሞሾቹ የሚከፍለው ስሌት)። ዩኒቨርሲቲ የተማርሽው ነው፤ አቧራውን ማራገፍ ይበቃል። ቀመር የሚፈጥር ሌላ ሰው አለ። አንቺ ቀመሩን አንብበሽ ኮዱ እሱን እንደሚያሰላ ማሳየት ነው ያለብሽ።

ቋንቋ፦ ፓይተን ተማሪ፣ አለቀ። ምስል ወይም መሣሪያ ላይ ከሄድሽ ሲ ፕላስ ፕላስ ይከተላል። ስታትስቲክስ ላይ ከሆነ አር፤ የመድኃኒት ሙከራ ዳታ ላይ ደግሞ ሳስ አሁንም ብዙ ቦታ አለ። በ1957 የወጣው ፎርትራን ዛሬም የአየር ትንበያ ያሰላል። በ1966 ቦስተን ውስጥ ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የተጀመረው መምፕስ የሚባል ቋንቋም የብዙ አሜሪካውያንን የሕክምና መዝገብ ተሸክሞ እስከዛሬ አለ። እንደ ባንኮቹ ኮቦል ማለት ነው። ዓይንሽ አይቶት እንዳትሸሺ።

ሥራው የት የት ነው? የመሣሪያ ኩባንያዎች የተሻለ ይከፍላሉ፤ ግን ብዙውን ጊዜ በአካል ቢሮ ወይም ላብ ውስጥ መገኘት ይፈልጋሉ፤ ከአዲስ አበባ በርቀት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የምርምር ላቦች ዝቅ ያለ ይከፍላሉ፤ ገንዘቡ ከእርዳታ ስለሚመጣ ውሉም አጭር ነው። በምላሹ ነፃነት አለ። እንግሊዝ አገር በ2012 ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች «የምርምር ሶፍትዌር መሐንዲስ» የሚል መጠሪያ ወጥቶላቸው ከዚያ ወዲህ ራሱን የቻለ የሥራ መደብ እየሆነ መጥቷል። በዚያ ስም ፈልጊ። የሆስፒታል መረጃ ሲስተምና የክሊኒካል ሙከራ ዳታ ደግሞ ለባክኤንድ ሰው በጣም ቅርብ ናቸው፤ ብዙ ሰው የሚገባውም በዚህ በር ነው።

አገር ቤትም ባዶ አይደለም። ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ2 የተባለው የጤና መረጃ ሲስተም የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ክፍት ሶፍትዌር ነው፤ ኮዱን ማንም ማየትና ማሻሻል ይችላል። አርመወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትና የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ዳታ የሚያመርቱ ተቋማት ናቸው። ደግሞ አንቺ የምታውቂውን የውጭ ፕሮግራመር አያውቀውም። የእኛ ዓመት 13 ወር አለው፤ ቀንና ወር የሚያሰላ ብዙ ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚገኝ ኮድ) 13ኛ ወር ሲያይ ይጥለዋል። ይባስ የሚለው ግን ሲቀበለው ነው። በእኛ አቆጣጠር 1985 ዓ.ም. የተወለደች ሴት ፎርሙ ላይ 1985 ብላ ከጻፈችና ሲስተሙ የፈረንጅ መስሎት ከያዘው፣ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አርጅታ ትቀመጣለች። ዕድሜዋ ከላይ ወዳነሳሁት የኩላሊት ቀመር ይገባል። ውጤቱ ትንሽ ብቻ ይዛባል፤ ማንም አያየውም። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «መድኃኒቱን 2 ሰዓት ላይ» የሚለው ለኛ ጠዋት ነው፣ ለሲስተሙ ሌሊት። ስምም አለ። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሲያዝ እናትና ልጅ በአንድ መዝገብ አይገናኙም፤ ጸሐይና ፀሐይ ሁለት ሰው ይሆናሉ። ይህን የሚያስተካክል ሰው በጣም ያስፈልጋል። ማስተርስ አይጠይቅም፣ ጥንቃቄ ነው የሚጠይቀው።

ስለ ማስተርሱ፦ ለጨረር ስሌት፣ ለምስል ትንተና ወይም ለጂን ዳታ ከሆነ ግቢ፤ ያለሱ የሲቪ ማጣሪያውን አታልፊም። ለሆስፒታል ሲስተም ወይም ለመሣሪያ ሶፍትዌር ምህንድስና ግን ገንዘብሽንና ጊዜሽን አሁን አታውጪ። አንድ ዓመት ሠርተሽ የቱ እንደሚስብሽ ካየሽ በኋላ ምረጪ። እኔ የማውቃቸው አንዳንዶች ባዮኢንፎርማቲክስ (የባዮሎጂ ዳታን በኮምፒውተር መተንተን) ተምረው ጨርሰው ነው ባዮሎጂ እንደሚጠሉ ያወቁት።

እስከዚያው ቅዳሜና እሑድሽን እንዲህ ተጠቀሚበት። ፊዚዮኔት የሚባል ነፃ የዳታ ማከማቻ አለ። እዚያ ውስጥ ኤምአይቲ-ቢአይኤች የሚባለው የልብ ምት ስብስብ ይገኛል። 48 ቀረጻ ነው፤ እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ነው፣ የተለካውም በሴኮንድ 360 ጊዜ ነው። እያንዳንዷን ምት የልብ ሐኪሞች ምልክት አድርገውባታል። የልብ ምት የሚለይ ኮድ በፓይተን ጻፊና መልስሽን ከሐኪሞቹ ምልክት ጋር አወዳድሪ። ዝግጁ ላይብረሪ አትጠቀሚ፤ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ጽፎልሽ ከሆነም መስመር በመስመር መከራከር እንድትችይ አድርገሽ አንብቢው።

በቁጥር 100 ቀረጻ ላይ ኮድሽ ያምራል። እዚያ አታቁሚ። 108ን፣ ቀጥሎ 207ን ሞክሪ፤ ክፉዎች ናቸው። 102ና 104 ላይ ያሉት ሰዎች ፔስሜከር (ልብን የሚያስመታ ትንሽ ማሽን) አላቸው፤ ኮድሽ የማሽኑን ምት ከልቡ ምት ሊያምታታው ይችላል። ስንት ምት እንዳመለጠሽና ስንት የሌለ ምት እንደቆጠርሽ ለየብቻ መዝግቢ፤ ሁለቱን አደባልቀሽ «99 በመቶ ትክክል» ብለሽ እንዳትጽፊ። ከዚያ አንድ ገጽ ጨምሪ፦ ይህ ኮድ የትኛው ታካሚ ላይ መዋል እንደሌለበት፣ ከነምክንያቱ። ቃለ መጠይቅ ስቀመጥ ከአመልካቹ ኮድ ቀድሜ የማነበው ያንን ገጽ ነው፤ አብዛኛው አመልካች ግን አይጽፈውም።